ኢብኑል ሀይሠም በቪዲዮ፤ ልጆቻችንስ ምን ያዙ?

 

ልጆቻችን በቴሌቪዥንና በስልክ ስለሚያዩት ነገር ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው መጥፎውን ነው። መጥፎውን መከልከል ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን «ይሄስ ትምህርት ነው» ብለን ከፍተን ሰጥተናቸው ወደ ጉዳያችን የምንሄድባቸውን ቪዲዮዎችስ ማን መረመረልን? በሙስሊም ቤቶች ተወዳጅ ከሆኑት የሳይንስ ቪዲዮዎች መካከል ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው «1001 ፈጠራዎችና የምስጢራት ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው አጭር ፊልም ነው። ተማሪዎች «የጨለማው ዘመን» ስለሚባለው ጊዜ እንዲያጠኑ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይላካሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ቤን ኪንግስሊ ወደ ኢንጂነሩ አል-ጀዘሪ ይለወጣል። መልእክቱ ትክክል ነው። ከግሪኮች ቀጥሎ አውሮፓ እስክትነቃ ድረስ ዓለም ተኝታ እንደነበረች ለተነገረው ልጅ፣ ያ ዘመን ጨለማ የነበረው ለማን እንደሆነ መጠየቁ ራሱ ትምህርት ነው። (ማጀቢያ ሙዚቃውን በተመለከተ ጉዳዩን ለዑለማዎች ትቻለሁ።)

የማልስማማበት ነገር አለ። ሊቃውንቱ እንደ ተረት ፍጥረት ብቅ ይሉና የሠሩትን አስደንቀው ያልፋሉ። ልጁ የሚይዘው «የኛ ሰዎች ቀድመው ነበር» የሚለውን ኩራት ነው። የአል-ጀዘሪ የዝሆን ሰዓት እንዴት ሰዓት እንደሚቆጥር ብትጠይቁት ግን ዝም ይላል። ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። አል-ጀዘሪ በ1206 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው መጽሐፉ እንደገለጸው፣ በዝሆኑ ሆድ ውስጥ ባለው የውሃ ገንዳ ላይ ሥሩ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን ይንሳፈፋል። ውሃ ቀስ በቀስ እየገባበት በግማሽ ሰዓት ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም ገመድ ይስብና ኳስ ያስለቅቃል። ሥሩ በምስማር የተበሳ ቆርቆሮና አንድ ባልዲ ውሃ ያለው ልጅ የዚህን ሰዓት ልብ በእጁ ሊሠራው ይችላል። ለምን አይሠራውም?

ሁለተኛው ፊልም ዓለም አቀፍ የብርሃን ዓመት ተብሎ ከተሰየመው ከ2015 ጋር ተያይዞ የተሠራው፣ ዖማር ሸሪፍ በሕይወቱ መጨረሻ የተወነበት የኢብኑል ሀይሠም ታሪክ ነው። ይህ ከመጀመሪያው የረጋ ነው። ስለ አንድ ሰው ብቻ ስለሚያወራ ልጅ ሊከተለው ይችላል። ኢብኑል ሀይሠም በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ ተወልዶ በ1040 ገደማ ካይሮ ላይ የሞተ ዓሊም ነው። የአባይን ውሃ እገድባለሁ ብሎ ወደ ግብፅ ሄዶ፣ ቦታውን ሲያይ እንደማይቻል ተረድቶ፣ ከኸሊፋው ቁጣ ለመዳን እብድ መሰለ ተብሎ ይተረካል።

ሦስተኛው በኒል ደግራስ ታይሰን የሚቀርበው፣ በ2014 የታየው «ኮስሞስ» ተከታታይ ፊልም 5ኛ ክፍል ነው። በእኔ ግምት ከሦስቱ የተሻለው ይህ ነው፤ የሠራው ሙስሊም አለመሆኑ ይህን አይለውጠውም። ኢብኑል ሀይሠምን የሚያነሳው ለውዳሴ ብቻ አይደለም፤ ጥንት ስለተጻፈ ብቻ መቀበል አይገባም፣ ይመርመር የሚለውን መንገዱን ለማስረዳት ነው። ከሱ በፊት የነበረውን ቻይናዊ ሞዚንም አይዘለውም። ይሁንና ይኸው ፊልም በሌሎች ክፍሎቹ፣ ለምሳሌ ስለ ዝግመተ ለውጥ በሚያወራው በ2ኛው፣ ብዙ ወላጆች ሊወያዩበት የሚፈልጉት ነገር አለው። ስለዚህ ጎረምሳ ልጅ ብቻውን የሚያየው ሳይሆን አባትና እናት አብረውት ተቀምጠው፣ እያቆሙ የሚነጋገሩበት ነው።

እንግዲህ ኢብኑል ሀይሠም ራሱ ምን አደረገ? ከሱ በፊት እነ ኤውክሊድና በጥሊሞስ ዓይን ጨረር እየላከች ታያለች ይሉ ነበር። እሱ ግን ጠንካራ ብርሃን ዓይንን እንደሚያሳምም አስተዋለ፤ እንግዲያው የሚመጣው ከውጭ ነው። በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ መብራቶችን ደርድሮ፣ አንዱን ሲጋርደው ግድግዳው ላይ ያለው የዚያ መብራት ነጸብራቅ ብቻ እንደሚጠፋ አሳየ። ስለ ፀሐይ ግርዶሽ ቅርጽ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል።

ይህን ለማየት ስክሪን አያስፈልግም። ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣሪያችሁን የምስማር ቀዳዳ አልፎ ወለሉ ላይ የሚያርፈውን ክብ ብርሃን ተመልከቱት። ቀዳዳው ትንሽ እስከሆነ ድረስ የተቀደደ ወይም አራት ማዕዘን ቢሆንም ብርሃኑ ክብ ነው፤ ምክንያቱም የቀዳዳው ሳይሆን የፀሐይ ምስል ነው። ጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ካለ የክቡ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት ላይ ላሊበላ ፀሐይን እንደ ቀለበት ባየችበት ግርዶሽ፣ ደመና ባልጋረደበት ቤት ሁሉ ያ ክብ በየግድግዳው ሂላል መስሎ ነበር። ስንቶቻችን ለልጆቻችን አሳየናቸው? ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ ሰዎች ፀሐይ ለሱ ሞት ጠቆረች ሲሉ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ታምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተምረዋል፤ ሶላትንም ሰግደዋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም ኦገስት 2 ቀን 2027፣ በመካ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትሸፈንበት ግርዶሽ አለ። እኛ ዘንድ ከፊሏ ይጋረዳል። ልጆቹ በባዶ ዓይናቸው ወደ ፀሐይ እንዳያዩ ጠብቋቸው፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ በምስማር በተበሳ ካርቶን ያለፈውን ብርሃን ወረቀት ላይ ይመልከቱ። ወሩ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊከለክል ይችላል፤ ካርቶኑን ግን ከወዲሁ አዘጋጁት፣ ምስማሩንም ልጁ ራሱ ይምታው።