የጉንዳ ጉንዶ መጻሕፍት በቶሮንቶ፦ የምንጠቅሳቸውን አባቶች አንብበናቸዋልን?

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ማስተማሪያዬ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን የተነሡ መነኮሳት ናቸው፤ ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ስላሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ማስታወሻው ሉተር ከመወለዱ በፊት የተነሡ የእኛ ቀዳሚዎች መሆናቸውን ተናግሮ ያበቃል። ባለፈው ሴሚስተር ግን አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ ከገዳማቸው የወጣ መጽሐፍ በዐይንዎ አይተዋል?» ሲል ጠየቀኝ። አላየሁም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። የደቂቀ እስጢፋኖስ ዋና መኖሪያ በምሥራቅ ትግራይ የሚገኘው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም ነበር። የገዳሙ የብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ፎቶ ተነሥተዋል። የታሪክ ምሁሩ ማይክል ጀርቨርስ ከሥራው መሪዎች አንዱ ነበሩ። ዛሬ ከ200 በላይ የሆኑት መጻሕፍት በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ስካርቦሮ ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ስብስብ ውስጥ ያለ ክፍያ ይታያሉ።

ስብስቡ ሊመሰገን ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ መጻሕፍቱን ከቦታቸው ሳያፈናቅል ለሩቅ አንባቢ አቅርቧቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን ለምናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ቅጂ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳይቶናል። ሁለተኛ፣ መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ያሳያል። የጉንዳ ጉንዶ ጸሐፍት በሐረጋቸውና በሥዕላቸው የታወቁ ናቸው። በአሜሪካ ባልቲሞር በዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የጉንዳ ጉንዶ ወንጌልም በዚሁ ውበቱ ይደነቃል። ነገር ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተዘረጋ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሁለት ገጽ ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ሥዕል ያለበት ነው። እዚህ ግን ጌጥ የሌለውን ገጽ ሁሉ እየገለጡ ማየት ይቻላል።

ሆኖም ጉድለት አለው። መግለጫው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመጽሐፉ ባለቤቶች የሆኑት መነኮሳትና አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ግን በእንግሊዝኛ አይጸልዩም። ገጾቹም ፎቶዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ቃል መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ግእዝ የማያነብ ሰው ከሙዚየም ጎብኚ ብዙም አይለይም። ዩኒቨርሲቲው ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) እ.ኤ.አ. በ2016 የሰጠው 50,000 ዶላር ታክሎበት ግእዝ ማስተማር ጀምሯል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ተማሪዎቻችን ግሪክና ዕብራይስጥ ይማራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን የገዛ አገራችንን ክርስቲያኖች የአንድ ሺህ ዓመት ምስክርነት የያዘውን ቋንቋ ብዙዎቻችን የሌላ ቤት ዕቃ አድርገን ትተነዋል። እኔም ከእነዚሁ ነኝ፤ አንድ ገጽ ለማንበብ የባልንጀራዬ እርዳታ አስፈልጎኛል። በዚህ ሁኔታ ደቂቀ እስጢፋኖስን «የእኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብናነባቸው የሚገጥመን ሰው ማስታወሻዬ ውስጥ የነበረው አይደለም። ለጀማሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድሎቻቸውን ወደ አማርኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» አለ። በዚያ የምናገኛቸው ጾምን፣ ሥርዓተ ምንኩስናንና የእጅ ሥራን አጥብቀው የያዙ የተዋሕዶ ልጆች ናቸው። ክርክራቸው ስለ ስግደት ነበር፤ ማርያምን ስለ መናቅ አልነበረም። ጠላቶቻቸው ፀረ ማርያም ቢሏቸውም የገዳማቸው ቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በማርያም ስም ነው። በራሳቸው ዘመን፣ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው የተናገሩ ናቸው፤ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ፕሮቴስታንቶች አልነበሩም።

ይህን ማመን ያሳጣናል እንጂ ምን ይጠቅመናል የሚል ይኖራል። በእኔ እምነት ሁለት ነገር እናተርፋለን። አንደኛ፣ «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ ስለ ሙታንም ነው፤ የሞተን ሰው ለራሳችን ክርክር ምስክር አድርጎ ያላለውን ማናገር ኀጢአት ነው። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ታሪካቸው ከማስታወሻዬ ይበልጥ ይገሥጸናል። በንጉሥ ፊት ቆመው ከእግዚአብሔር ሕግ የሚበልጥ የንጉሥ ቃል የለም ያሉት ብዙ አጨብጫቢ ኖሯቸው አልነበረም። እኛስ መድረክና ማይክሮፎን ይዘን ለሹማምንት ምን እንላለን?

ስለዚህ ለሴሚናሪዎቻችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር የግእዝ ንባብ ትምህርት ይኑረን። በየቤተ መጻሕፍታችን አንድ ኮምፒውተር ለእንዲህ ያሉ ስብስቦች ይመደብ፤ አጠገቡም አጭር የአማርኛ መመሪያ ይቀመጥ። እንዲሁም ስለ እነዚህ አባቶች የሚያስተምር መምህር የተዋሕዶ ሊቅ ጋብዞ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ገጽ አብሮ ያንብብ። እኔ በመጪው ሴሚስተር የመጨረሻውን አደርጋለሁ፤ ሁለት ገጽ ማስታወሻዬን ግን ከወዲሁ ቀድጄዋለሁ።