የማን መቃብር ተቈጠረ? ስለ ፕሬሪ ሰፋሪዎች የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት ሲመረመሩ

በሰሜን አሜሪካ መካከል ፕሬሪ በሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ መጀመሪያ የሰፈሩት ገበሬዎች እንዴት እንደ ኖሩና እንዴት እንደ ሞቱ ማወቅ የሚሻ ሰው ከመንግሥት መዝገብ አስቀድሞ የሚያገኘው ልብ ወለድ ታሪክን ነው። መዝገቡ መሬቱን ማን እንደ ተረከበ ይናገራል፤ ልብ ወለዱ ደግሞ ለማን እንደ ተለቀሰ ያስረዳል። ስለዚህ የሕዝቦችን ኑሮ ለሚያጠና ተመራማሪ እነዚህ መጻሕፍት ከሙታን መካከል የማንን መቃብር እንደ ቈጠሩና የማንን እንደ ተዉ መመርመር ዋና ነገር ነው። ሦስቱ መጻሕፍት ከዚህ በታች በዚህ መመዘኛ ይታያሉ፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሰፈራ መሬት ሕግ፥ ቤት ሠርቶና አርሶ አምስት ዓመት ለተቀመጠ ሰው 160 ኤከር፥ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ ከኖርዌይ፥ ከስዊድን፥ ከጀርመንና ከቦሄሚያ ብዙ ሕዝብ ፈለሰ። በሜዳው ላይ እንጨት ስለ ሌለ ሥሩ የተጠላለፈውን ሣር ከነዐፈሩ እንደ ጡብ እየቈረጡ ቤት ሠሩ። በ1874 አንበጣ እህላቸውን በላ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 በድንገት የወረደው የበረዶ ዐውሎ ነፋስ 235 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለው ሞት መታሰቢያ እንደሚገባው የሚጠራጠር የለም።

ይህን መታሰቢያ እጅግ አሳምራ ከጻፉት አንዷ በ1883 በልጅነቷ ወደ ነብራስካ የመጣችው ዊላ ካተር ናት። በ1918 በታተመው «የእኔዋ አንቶኒያ» በተባለው መጽሐፏ፥ ከቦሄሚያ የመጣ አንድ አባት አገሩን ሲናፍቅ ኖሮ በክረምት በጋጣ ውስጥ ራሱን ይገድላል። ኖርዌጃውያኑ በመቃብር ስፍራቸው እንዳይቀበር ስለ ከለከሉ በገዛ መሬቱ ጥግ ይቀበራል። ከዓመታት በኋላ መንገድ ሲወጣ፥ መንገዱ ጥቂት ዞር ብሎ ያልፈዋል፤ ያልታጨደ ቀይ ሣርም መቃብሩን ሸፍኖ ይቀራል። የታሪኩም መነሻ በነብራስካ በእውነት ራሱን የገደለ ስደተኛ ነው። ሰዎች የነፈጉትን ክብር መንገዱ ሲሰጠው ማሳየቷ ከፍ ያለ ጥበብ ነው። ዳሩ ግን በዚያው መጽሐፍ ነባሮቹ ሕዝቦች በተለይ የሚታሰቡት በረዶ ሲወርድ በሣሩ ላይ ጐልቶ በሚታይ አንድ ክብ ምልክት ነው። ሰፋሪዎቹ ምልክቱ የምን እንደ ሆነ በግምት ይከራከራሉ። ለስደተኛው መቃብር መንገድ ሲዞር፥ ክቡን ለተዉት ሰዎች ግን የሚያዝን አልተገኘም።

ኦሌ ሮልቮግ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። በኖርዌይ ተወልዶ በ1896 ወደ አሜሪካ የገባው ይህ ደራሲ በ1924 እና በ1925 በኖርዌጅ ቋንቋ ያሳተመው መጽሐፍ በ1927 በእንግሊዝኛ ሲወጣ፥ ርእሱ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ተወስዶ «ግዙፋን በምድር» ተባለ። ባለታሪኩ ፔር ሃንሳ በዳኮታ አዲስ መሬት እንደ ያዘ በኮረብታው ላይ የነባር ሰው መቃብር ያገኛል፤ የሜዳው ባዶነት ከሚያስፈራት ከሚስቱ ከቤሬትም ነገሩን ይሰውራል። በመጨረሻ ለታመመ ወዳጁ ቄስ ሊጠራ በበረዶ ውስጥ ወጥቶ ይቀራል፤ ሬሳው በጸደይ ወራት ከድርቆሽ ክምር ሥር ፊቱን ወደ ምዕራብ እንዳዞረ ይገኛል። እንግዲህ መጽሐፉ በሌላ ሕዝብ መቃብር ተጀምሮ በሰፋሪው ሬሳ ይፈጸማል። ሆኖም የኮረብታው ሙት ማን እንደ ነበረ ሳይነገር ያልፋል። የሰፈራው ሕግ በወጣበት በዚያው በ1862፥ ዲሴምበር 26 ቀን፥ በሚኒሶታ በማንኬቶ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቅለው ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ሕዝባቸው ከዚያ ግዛት እንዲወጣ በሕግ ተወሰነ። የፔር ሃንሳ ጋሪ ከሚኒሶታ ወደ ምዕራብ የተጓዘው ከዚህ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ሦስተኛው በ1935 የታተመው የሎራ ኢንግልስ ዋይልደር «በፕሬሪ ላይ ያለች ትንሽ ቤት» ነው። የደራሲዪቱ ቤተ ሰብ ከ1869 እስከ 1871 በካንሳስ የሰፈረው በኦሴጅ ሕዝብ መሬት ላይ ነበር። በመጀመሪያው እትም አገሩ ነባሮቹ ብቻ ያሉበት፥ «ሰዎች» የሌሉበት እንደ ሆነ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ይገኝ ነበር። በ1952 አንድ አንባቢ ቅሬታ ስላቀረበ በ1953 እትም «ሰዎች» የሚለው ቃል «ሰፋሪዎች» ተብሎ ታረመ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የልጆች ክፍል በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስሙን ለወጠው።

ሙት ወቃሽ መሆን ባይገባም፥ የቃሉ መታረም ነገሩን አይጨርሰውም። ሎራ በ1875 ተወልዶ በ1876 በሕፃንነቱ የሞተ አንድ ወንድም ነበራት። ይህን ሞት በ2014 በታተመው የሕይወት ታሪኳ ጽፋው ሳለ፥ ለልጆች ባዘጋጀቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ግን አላስገባችውም። የገዛ ወንድሟን መቃብር ከታሪኩ ያወጣች ደራሲ የጎረቤቶቿን የኦሴጆችን ስደት እንደ አላፊ ትዕይንት ብታሳልፈው አያስደንቅም። ሁለቱም ዝምታ ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው፤ ተስፋንና ብልጽግናን ብቻ ሊናገር የተነሣ ታሪክ ሙታንን፥ የራሱንም ሆነ የሌላውን፥ መሸከም አይችልም። የካተር መጽሐፍ ደግሞ የራስን ሙት በክብር መቅበር ብቻውን የሌላውን ሙት ለማየት እንደማይበቃ ያስረዳል። ከሦስቱ ለእውነት የቀረበው ሮልቮግ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመቃብሩን ባለቤት ሳይጠይቅ ቆሟል።

ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት ከመደርደሪያ ማውረድ አይጠቅምም። ሰፋሪዎች ምን እንዳዘኑና ምን እንደ ሰወሩ የሚመሰክሩ ናቸውና ከመሬቱ ውልና ከነባሮቹ ሕዝቦች የራሳቸው ምስክርነት ጋር ተያይዘው ይነበቡ። በኮረብታው ላይ የተኛው ሙት የማን እንደ ነበረ መጠየቅ ደራሲው ለተመራማሪው የተወለት ሥራ ነው።