«ይሄዳል» ማለት በቂ አይደለም፦ የአሮጌ ሃይሉክስ ጥገና እንዴት ይመዘናል

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አሮጌ ፒክአፕ ሥራ ፈት ሆኖ አይውልም። በመቂና በባቱ ዙሪያ አይሱዙ ከማይገባበት ማሳ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ወደ አስፋልት ያወጣል፤ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ቤት ሲሚንቶ ያደርሳል፤ በገበያ ቀን ከቡልቡላ እስከ አርሲ ነገሌ ሰውም ከብትም ይጭናል። ከእነዚህ ፒክአፖች መካከል በእኛ አገር ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ትውልድ አልፏል። በየገጠሩ አሁንም የሚሠራው ግን በአብዛኛው ባለ 2 ኤል፣ ባለ 3 ኤል ወይም ባለ 5 ኤል ናፍጣ ሞተሩ አሮጌ ሃይሉክስ ነው።

ጊዜው ደግሞ የጥገናን ዋጋ ከፍ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ፒክአፕ ለብዙ ዓመት የምንሠራበት እሱው ነው። ጥሩ ጥገናን ከመጥፎ መለየትም የባለጋራዥ ብቻ ሳይሆን የባለንብረቱም ዕውቀት መሆን አለበት።

የዚህ መኪና ጥንካሬ ለዳኛ ያስቸግራል። የእንግሊዙ ቢቢሲ «ቶፕ ጊር» ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ነክሮ፣ በእሳት አቃጥሎ፣ ሊፈርስ በተዘጋጀ ሕንፃ አናት ላይ አስቀምጦ ቢያወርደውም ሞተሩ መልሶ ተነሥቷል። ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «ሃይሉክስ አይሞትም» የሚል ነው። እኔ ግን ሌላ ትምህርት አይበታለሁ፦ መኪናው ብዙ በደል ስለሚችል መጥፎ ሥራን ለዓመታት ተሸክሞ ይዞራል። ሌላ መኪና በሳምንት የሚያጋልጠውን ስህተት ሃይሉክስ ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ይሄዳል» የሚለው ቃል ምስክር ሊሆን አይችልም። የእኔ መመዘኛ ሁለት ነው፦ ሥራው ሲታይ ምን እንደተደረገ ይታወቃል ወይ? ነገ ሌላ መካኒክ ሳይሰብር ሊፈታው ይችላል ወይ?

ከሻንሲው ጀምሩ

ገዢ ቀለም ያያል፤ አዋቂ ከሥር ይገባል። ሃይሉክስ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው በሻንሲው ላይ ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ ፒክአፕ ቶሎ የሚሰነጠቀው የኋላ ባሌስትራ በሚንጠለጠልበት አካባቢ ነው። እዚያ ብየዳ ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ በእኛ መንገድ ላይ ብዙ የሠራ ሻንሲ መበየዱ ነውር አይደለም። ጥያቄው እንዴት ተበየደ የሚለው ነው።

ጥሩ በያጅ ስንጥቁን ከላይ አይለጥፈውም። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ ፈልጎ በትራፓኖ ይበሳዋል፤ ያ ቀዳዳ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር ከፍቶ ብየዳው እስከ ውስጥ እንዲዘልቅ ያደርጋል። የድጋፍ ላሜራ ከጨመረ ጫፎቹን እንደ ጦር አሹሎ ይቆርጣቸዋል እንጂ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን አቋርጦ የሚያልፍ የብየዳ መስመር አይተውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሻንሲ እየተጣመመና እየተመለሰ የሚሠራ ብረት ነው። ቀጥ ያለ ጫፍ ኃይሉን በአንድ መስመር ላይ ይሰበስበዋል፤ ቀጣዩ ስንጥቅም ከላሜራው ጠርዝ ይጀምራል። በላሜራ ላይ ላሜራ ተደርቦ ካያችሁ የመጀመሪያው ሥራ እንደከሸፈ ዕወቁ።

መስመሩን በጣታችሁ ዳስሱት። እኩል ስፋት ያለው፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ዳርና ዳሩ ብረቱን ያልቦረቦረ ከሆነ እጁ የሰለጠነ ሰው ሠርቶታል። ጥቀርሻው ሳይነሣ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ግን አንድ ነገር ተደብቋል። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር የሚገኝበት ቦታ ከተበየደ ወይም ከተሞረደ ዋጋ ሳትነጋገሩ ተመለሱ።

አቧራው ይፍረድ

ሻንሲው የቆመበትን ልክ ለማወቅ ላንጋኖ አካባቢ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ለስላሳ አቧራ የተኛበት ሜዳ ምረጡ። ሾፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ሃምሳ ሜትር ያህል ቀስ ብሎ ይንዳ። ከዚያ ወርዳችሁ ዱካውን ተመልከቱ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ከፊትና ከኋላ እኩል ላይሆን ይችላል፤ መሆን ያለበት ግን የኋላው ዱካ ከፊተኛው በግራም በቀኝም በእኩል መጠን መግባቱ ወይም መውጣቱ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ወጥቶ ከታየ መኪናው ጎኑን አዙሮ ይሄዳል ማለት ነው፤ ወይ ሻንሲው ተጣሟል ወይ የኋላ አክስሉ ከቦታው ተንሸራቷል። «መሪው ትንሽ ይጎትታል፣ አላይመንት ይበቃዋል» የሚል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ባሌስትራ መጨመር

በዚህ አካባቢ ሰው ቶሎ የሚያደርገው ማሻሻያ ባሌስትራ መጨመር ነው። ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጭነት ያለው ሰው የሚወርድ ጀርባ አይፈልግም። ነገር ግን ባሌስትራ መጨመር አክስሉን፣ ኩሺኔታውን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን አያጠነክርም። ይህን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ባለሙያ ጥሩ ባለሙያ ነው።

ሥራውን ስትመዝኑ መኪናው ባዶ ቆሞ እዩት። የተጨመረው ቅጠል ጉብጠት ከሌሎቹ ጋር ገጥሞ ሙሉ ለሙሉ ይተኛል ወይ? በመሃል ብርሃን ከታየ ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ቅጠሉም እዚያ ይሰበራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች አዲስና የረዘሙ መሆን አለባቸው። አሮጌዎቹ ተጎትተው ዳዶው ጫፍ ላይ ከያዘ አደገኛ ነው። ጥሩ መካኒክ ደግሞ መኪናው ጭኖ ጥቂት ቀን ከሄደ በኋላ ተመልሳችሁ እንድታስጠብቁ ይነግራችኋል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ብዙ ጋራዥ ይረሳል። በብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጀርባው በጭነት ሲወርድ ቫልቩ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ የፍሬን ኃይል ይለቃል። ባሌስትራ ተጨምሮ ጀርባው ሲነሣ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁል ሲወርድ የኋላው ፍሬን ደካማ ይሆናል። ዘንጉ ተስተካክሏል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩ ጥያቄው ካልገባው ባሌስትራውን የሠራው በግማሽ ዕውቀት ነው።

ፊቱን ከፍ አድርጎ ትልልቅ ጎማ መግጠምም እንዲሁ ነው። ከፊት በቶርሽን ባር የሚሠሩት ሞዴሎች በብሎን ብቻ ስለሚነሡ ሥራው ቀላል ይመስላል። ከልክ በላይ ሲነሡ ግን የፊት ዘንጎቹ አንግል ይበዛና ላስቲካቸው ይቀደዳል፤ የላንጋኖ አቧራም በዚያ በኩል ይገባል። ልኩን አውቆ ያቆመ ሰው ከፍ ካደረገው ሰው ይበልጣል።

ሞተሩን ቀዝቅዞ እዩት

ሻጭ «ሞተሩ አልወረደም» ሲል መመስገን የሚፈልግ ይመስላል። እውነቱ ግን በደንብ ወርዶ በደንብ የተሠራ ሞተር ካልተነካ ደካማ ሞተር ይሻላል። ጠዋት ሳይነሣ ድረሱ፤ ኮፋኖውን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሣ የሚወጣውን ጭስ እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቶበታል፤ ነጭ ሆኖ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው። የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ በኃይል የሚገፋ ትንፋሽ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል።

ቴስታታ ወርዶ ከነበረ ጠርዙን በቅርብ ተመልከቱ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ሲሊኮን ተትረፍርፎ ከወጣ በውጭ የወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል። ያ ቁራጭ ተበጥሶ የዘይት ማጥለያውን ሊደፍን ይችላል። ንጹሕ ሥራ ላይ ጓርኒሲዮኑ ብቻውን ይበቃል፤ ሲሊኮን የሚገባው በሚያስፈልገው ቦታ በቀጭኑ ነው። ባለሙያውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቴስታታው ቀጥ ማለቱ ተለክቷል? ስንጥቅ ተፈትሿል? ብሎኖቹ በቶርክ ሬንች በቅደም ተከተል ነው የጠበቁት? «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ለጎማ ብሎን ይሆን ይሆናል፤ ለቴስታታ አይሆንም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ታይሚንግ በቺንጋ ነው የሚሠራው። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የተለመደ ሲሆን፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ጥሩ ጋራዥ የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ቀን ጽፎ ክዳኑ ላይ ይለጥፋል። ያቺ ወረቀት ከብዙ ወሬ ትበልጣለች። ሞተሩ በሌላ ከተቀየረ ደግሞ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የቴክኒክ ሥራው ያማረ ቢሆንም ጥገናው አላለቀም።

የሐይቁ ውሃ

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ የሆነው በውስጡ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ነው፤ ጨውና አልካላይነትም አለው። መንገድ ላይ የሞቀ ሾፌር ጀሪካን ይዞ ወደ ሐይቁ ቢሮጥ አይፈረድበትም። ያ ውሃ በራዲያተሩ ውስጥ ሲቆይ ግን ደለሉ ቀጫጭን ቧንቧዎቹን ይደፍናል፤ አልካላዩ አሉሚኒየም የሆኑ ክፍሎችን ይበላል። የራዲያተሩን ክዳን ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቱ፤ ጭቃማ ውሃ ወይም ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ገና የሚከፈል ዕዳ አለ። ጥሩ ሥራ ማለት ራዲያተሩ ታጥቦ በንጹሕ ውሃና በኩላንት መሞላቱ ነው።

ቴርሞስታቱም ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። «ቆላ ስለሆነ አያስፈልገውም» ብለው አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ይህ ሙቀቱን ለጊዜው ቢያወርደው እንኳ የሙቀቱን ምክንያት አያድነውም፤ ሞተሩም ልክ ወዳለው ሙቀት ሳይደርስ እየሠራ ያልቃል። ምልክትን አጥፍቶ በሽታን መተው የመጥፎ ጥገና ዋና ጠባይ ነው።

ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የሚታጠብ መኪናም አለ። እስከ አክስሉ የጠለቀ ፒክአፕ የኩሺኔታ ግሪሱንና የዲፈረንሻል ዘይቱን ማስፈተሽ አለበት፤ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል።

ሽቦና ቀለም

የተጨመረ መብራትና ቴፕ የት እንደተያያዘ ተከተሉ። ለብቻው ፊውዝ ያለው፣ የማሳ ሽቦው ንጹሕ ብረት ላይ የታሰረ፣ ሽቦው ከሹል ጠርዝ ርቆ የተጠቀለለ ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው። ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ የተሸፈነ ሽቦ በሙቀት ይላቀቃል፤ እሳትም የሚነሣው ከዚያ ነው።

ቀለም የመጨረሻው ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎውና በካሶኒው ላይ አስኪዱ። ማግኔቱ ከለቀቀ ሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ። ጎበዝ ባቲላሜራ ላሜራውን በመዶሻ መልሶ ቅርጹን ያመጣል፤ ስቱኮው ለማለስለስ ብቻ ነው። የበሩ ላስቲክ ላይ ቀለም ከተረጨ ደግሞ ላስቲኩን ለማውጣት ያልታገሠ ሰው ሌላውንም አልታገሠም።

የጥሩ ባለሙያ ምልክት

ጥሩ መካኒክ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ በከረጢት አድርጎ ይመልስላችኋል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የመጣው ዕቃ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የፈታው ብሎን ሁሉ ቦታው ይመለሳል፤ «ይኼ ትርፍ ነው» አይልም። ማድረግ ያልቻለውንም ይናገራል።

እንዲህ ያለ ሰው በአዳማም፣ በባቱም፣ በሻሸመኔም አለ። ስታገኙት ከሌላው ጋር በዋጋ አታወዳድሩት፤ ለመለካትና ለመፈተሽ የሚያጠፋውን ሰዓት ክፈሉት፤ ስሙንም ለጎረቤት ንገሩ። ደንበኛ ሥራ ማየት ሲያውቅ ጋራዡም መደበቅ ይተዋል።