ርኅራኄ ስንት ያተርፋል?

ዳላይ ላማ ሲናገሩ የሰማ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሳቃቸውን ነው። በ1959 ከላሳ ተሰደው የወጡ ሰው (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከልባቸው ይስቃሉ። በመስከረም 2003 ኒው ዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሣር ላይ ተቀምጦ ያዳመጣቸው በከፊል ለዚህ ሳቅ ሲል ይመስለኛል። እኔ ስለ ርኅራኄና ደስታ የተናገሯቸውን ያየሁት እዚህ ቢላ፣ ከጥቂት መምህራን ጋር ላፕቶፕ ከበን ነው።

ሐሳባቸው ረጅም አይደለም። ሰው ሁሉ ደስታን ይሻል፤ ለሌላው የራራ ግን መጀመሪያ የሚጠቀመው እሱ ራሱ ነው። ይህንን «ብልህ ራስ ወዳድነት» ይሉታል። ሞኙ ራስ ወዳድ ለራሱ ብቻ ያስባል፣ ብልሁ ለሰው አስቦ ያተርፋል። ሒሳብ የሚያስተምረው ወዳጃችን «ጋሼ፣ ይሄማ ንግድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚል ሕዝብ እንዲህ ያለውን ስሌት ቶሎ ይነቃበታል። የምራራለት ሰው የእኔ ደስታ ማምረቻ ከሆነ፣ ደስታው ባይመጣስ? ልተወው ነው?

ጥፋቱን ግን በቡድሂዝም ላይ አላላክክም። በዚያ ትምህርት «ካሩና» ማለት ሌላው ከሥቃይ ይላቀቅ ብሎ መሻት ነው፤ ደስ ይበለው ብሎ መሻት ደግሞ «ሜታ» ይባላል። ሁለቱን አደባልቆ በአንድ ከረጢት የሚሸጠው መድረኩ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃዋርድ ከትለር በ1998 ከዳላይ ላማ ጋር ያወጣው የደስታ መጽሐፍ በየመደብሩ ከሀብት ማግኛ መጻሕፍት ጎን መደርደሩ ለዚህ ይመስለኛል።

የእኛን ቋንቋዎች እስቲ እንይ። በአማርኛ «አዘነ» ስንል ተከዘም ነው፣ ራራም ነው። «አዘነልኝ» ያለ ሰው፣ ያ ሰው ስለ እኔ ሐዘን ገባው ማለቱ ነው። ኦሮምኛው ደግሞ ርኅሩኁን «ገራ ላፌሳ» ይለዋል፤ ሆዱ የለሰለሰ። አማርኛውም «አንጀቴን በላው» ይላል። ሁለቱም ርኅራኄን ያሰሩት በሚያመን ቦታ ላይ እንጂ በሳቅ ላይ አይደለም።

ቦጂ፣ ማለትም ይህችው አካባቢ፣ በ1929 የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚህ መድረክ ሚዛን ምን ሊባሉ ነው? በወጣትነታቸው ነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። በኋላ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለምዕራባውያን ረጂዎች በጻፈችው ደብዳቤ ሰው ሙሉ ነው፣ ነፍሱንና እንጀራውን አትለያዩበት አለች። ደርግ ሲያሳድዳቸው የመውጫ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። በትርፍና ኪሳራ ከሄድን ይህ ድርቅ ያለ ኪሳራ ነው።

ነገሩ ለወለጋ ሰው የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። በሰኔ 2022 ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ላይ የሆነውን አገር ያውቃል፤ ከዚያ በፊትም በኋላም፣ ከዚህም ከዚያም ወገን የተቀበረውን የማያውቅ ቤት እዚህ ጥቂት ነው። የሒሳብ መምህሩ ወንድሙን አጥቷል። ማን እንደገደለበት አልጽፍም፤ ከጻፍኩት ግማሹ አንባቢ ያዝንለታል፣ ግማሹ ገጹን ይገልጣል። «ለገደለብኝ ስራራ ደስ ሊለኝ ነው?» ሲል የጠየቀው የዋዛ ጥያቄ አልነበረም።

ዳላይ ላማ ለዚህ መልስ አላቸው፤ ግን በቀልድ መሐል ነው የሚያልፉት። በቻይና እስር ቤትና ካምፕ 18 ዓመት ስለቆየ አንድ መነኩሴ ይተርካሉ። ሰውየው ወጥቶ ሲያገኛቸው «ጥቂት ጊዜ አደጋ ላይ ነበርኩ» ይላቸዋል። የሞት አደጋ መስሏቸው ምን ዓይነት አደጋ ሲሉት፣ ለቻይናዎቹ ያለኝን ርኅራኄ የማጣት አደጋ አላቸው። ደስ አለኝ አላለም፤ አተረፍኩም አላለም። ያለውን እንዳያጣ ፈርቶ ነበር፣ በቃ። ንግግሩ ከዚህ መነኩሴ ቢጀምር ኖሮ «ብልህ ራስ ወዳድነት» የሚባለው ክፍል ጨርሶ ባላስፈለገ ነበር።