ከላኩት የተረፈው

ምሳ ላይ ነበርን። አብሮኝ ኮድ የሚጽፍ ጓደኛዬ ሹካውን አስቀምጦ፣ «ባስኮች አሜሪካ የገቡት በግ ጠባቂ ሆነው ነው። የእረኛው ልጅ ገዥ ሆነ፣ ሴናተር ሆነ። ሴኔጋሎቹን ደግሞ እያቸው፤ ባርሴሎና መንገድ ላይ መነጽር ይሸጣሉ። ይሄ የባህል ጉዳይ ካልሆነ ምንድነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ንጽጽሩ የሆነ ቦታ እንደሚያነክስ ይሰማኛል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን መናገር አቃተኝ። ሁለት ፕሮግራሞችን በሁለት የተለያየ ኮምፒውተር ላይ አስኪዶ «የትኛው ይፈጥናል?» እንደማለት ነው ብዬ አለፍኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት መጻሕፍት አነበብኩ። አንደኛው ጓደኛዬ የጠቀሰው የገዥው ወንድም የጻፈው ነው። ፖል ላክሳልት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1971 የኔቫዳ ገዥ፣ ከዚያም ለሁለት የሥራ ዘመን ሴናተር ነበር። ወንድሙ ሮበርት ላክሳልት ደግሞ ገና በ1957፣ ፖል ገዥ ከመሆኑ አሥር ዓመት በፊት፣ ስለ አባታቸው «ጣፋጯ የተስፋ ምድር» ብለን ልንተረጉመው የምንችል መጽሐፍ አሳተመ። ሁለተኛው የሴኔጋላዊቷ ፋቱ ዲዮም «የአትላንቲክ ሆድ» ነው፤ በ2003 በፈረንሳይኛ የወጣ ልቦለድ። ፈረንሳይኛ ስለማልችል በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው ያነበብኩት፤ ስለ ቋንቋው ውበት ከምናገር ስለ ሒሳቡ ብናገር ይሻለኛል። ሒሳቡም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የላክሳልት አባት ዶሚኒክ ከፈረንሳይ ወገን ካለው የባስክ አገር በልጅነቱ ወጥቶ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በግ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ባስክ በፒሬኔ ተራሮች ግራና ቀኝ፣ በፈረንሳይና በስፔን ተከፍሎ የሚኖር፣ ቋንቋው ከጎረቤቶቹ ከአንዳቸውም ጋር የማይዛመድ ሕዝብ ነው። መጽሐፉ ዶሚኒክ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ከልጁ ጋር ወደ ተወለደበት መንደር ሲመለስ ያለውን ጉዞ ይተርካል። ሽማግሌው አገሩን አየ፣ ዘመዶቹን ሳመ፣ በመጨረሻም አገሩ ሌላ ቦታ እንደሆነ ገባውና ወደ ኔቫዳ ተመለሰ። የሚያምር መጽሐፍ ነው። ልጁ አባቱን የሚያይበት ዓይን ውስጥ ስስት አለ፤ ዝምተኛ አባት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ግን እኔ በየገጹ ደሞዙን ስፈልግ ነበር። አባትየው ስንት ያገኛል? ለማን ይልካል? ላክሳልት እዚህ ላይ ቁጥብ ነው። የምናውቀው አባትየው አንድ ጊዜ ሀብታም ሆኖ፣ የከብትና የበግ ዋጋ ሲወድቅ ሁሉን እንዳጣ፣ ከዚያ በኋላ እናትየው ቴሬዝ ካርሰን ሲቲ ውስጥ አነስተኛ ሆቴል ይዛ ስድስት ልጆች እንዳሳደገች ነው። አባትየው ተራራ ላይ ነው፤ ቤቱን የምታቆመው ምግብ የምታበስለውና አልጋ የምታነጥፈው ሴት ናት። መጽሐፉ ግን የአባትየው ነው። ገዥውንም ደራሲውንም ያስተማረው በጉ ነው ወይስ ሆቴሉ? ላክሳልት ራሱ ነገሩ የከነከነው ይመስለኛል፤ በ1989 ስለዚሁ ቤት «የባስክ ሆቴል» የሚል ሌላ መጽሐፍ ጽፏል።

ሀብታም ሆኖ አጣ ካልኩ ዘንድ፣ እንዴት ሀብታም እንደሚኮን ማወቅ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ የሳተው አንደኛው ነገር ይሄ ነው። በዚያ ዘመን የባስክ እረኛ ደሞዙን በገንዘብ ፋንታ በበግ መቀበል ይችል ነበር። እንስት በጎች ይሰጡታል፣ ከአሠሪው መንጋ ጋር ያግዳቸዋል፣ ይወልዱለታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱን መንጋ ለይቶ ይሄዳል። ግጦሹስ? ምድረ በዳው የመንግሥት ነው፣ የሚጠይቅ የለም፤ ሳር እየተከተሉ መንዳት ብቻ ነው። እንግዲህ ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ደሞዙ ይራባል፣ መሬቱ ነጻ ነው። የአካባቢው ከብት አርቢዎች ይጠሏቸው ነበር፤ ቤት የለሽ፣ ሳር በሊታ እያሉ ይሰድቧቸዋል። ቢሆንም በአሜሪካ ሕግ ፊት ነጭ ናቸው፣ ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ።

በሩ እንደዚያ ክፍት ሆኖ አልቀረም። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለስፔን ዜጎች በዓመት 131 ሰው ብቻ ፈቀደ። በ1934 የቴይለር የግጦሽ ሕግ መጣና የመንግሥት ግጦሽ በፈቃድ ሆነ፤ ቅድሚያው በአካባቢው መሬት ላላቸው፣ ለዜጎች። መንጋውን እየነዳ የሚኖረው እረኛ ያኔ አበቃለት። ከጦርነቱ በኋላ እረኛ ሲጠፋ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1950 ለ250 እረኞች ብቻ ልዩ ሕግ አወጣ፤ እነዚህ ግን በኮንትራት የሚመጡ፣ ደሞዛቸውን በገንዘብ የሚቀበሉ ሠራተኞች ነበሩ። ያው ሕዝብ፣ ያው ባህል፣ ያው በግ። የተለወጠው ደሞዙ የሚከፈልበት መልክና መሬቱ ብቻ ነው፤ እረኛው ወደ ባለ መንጋነት የሚሸጋገርበት መንገድ ግን ተዘጋ። በኋላ የባስክ አገር ፋብሪካዎች የተሻለ መክፈል ሲጀምሩ ባስኮች መምጣታቸውን ተዉት፣ በቦታቸው ፔሩዎች ገቡ።

አሁን ባርሴሎና መንገድ ላይ ያለውን ሴኔጋላዊ አስቡት። ሸቀጡ አንሶላ ላይ ተዘርግቷል፤ በአንሶላው አራት ማዕዘን ገመድ ታስሯል፤ ፖሊስ ሲመጣ ገመዱን ስቦ፣ ጠቅልሎ፣ ተሸክሞ ይሮጣል። ካፒታሉ ያ ጥቅልል ነው። ከተያዘ ይወረሳል። ወረቀት እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ቋሚ ነገር መያዝ አይችልም፣ የሚይዘው ሁሉ በሩጫ ልክ የተሰፋ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ነጋዴና ደንብ አስከባሪ ያየ ሰው ይሄን ማብራሪያ አይፈልግም።

ሁለተኛው ነገር ቤት ነው። በባስክ ገጠር ቤቱና መሬቱ አይከፋፈልም፤ ለአንድ ወራሽ ይተላለፋል። የቀሩት ልጆች ወይ ይመነኩሳሉ፣ ወይ ወታደር ይሆናሉ፣ ወይ ይሰደዳሉ። ስደቱ ማለት ድርሻን ለቆ መውጣት ነው። ይሄ ጭካኔ አለው፤ ዶሚኒክ ከአርባ ዓመት በላይ ያልተመለሰው ስለጨከነ ብቻ አይመስለኝም። ከሒሳብ አንጻር ግን የሚሄደው ሰው ዕዳው ቀላል ነው። ገንዘብ የላኩ ባስኮች ነበሩ፣ በመጡበት መንደር ያማረ ቤት የሠሩም ነበሩ፤ ግዴታው ግን በየወሩ የሚደውል አልነበረም።

የዲዮም መጽሐፍ ውስጥ ግን ስልኩ አይዘጋም። ተራኪዋ ሳሊ ስትራስቡርግ ትኖራለች፤ ፈረንሳዊ ባሏ ፈቷታል፣ የሰው ቤት እያጸዳች ተምራለች፣ ትጽፋለች። ታናሽ ወንድሟ ማዲኬ ኒዮዲዮር በምትባል የሴኔጋል ደሴት ላይ ነው። ሕልሙ ፈረንሳይ ሄዶ ኳስ መጫወት ነው፤ አምላኩ ጣሊያናዊው ማልዲኒ ነው። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ወቅት እህትየው ጨዋታ አይታ እንድትነግረው ይደውልላታል፤ የስልኩን ሒሳብ የምትሸከመው እሷ ናት። ሚስኮል አድርጎ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጋ ፊቱ ይቀላል። የእኔ ቀልቷል። ስለ ሳሊ ኑሮ ማዲኬ የሚጠይቀው የለም፤ ፈረንሳይ ናትና ደህና ናት።

ይሄን ውሸት ማን እንዳስተማረው ዲዮም ታሳየናለች። በደሴቲቱ ላይ «የባርቤስ ሰውዬ» የሚባል ተመላሽ አለ፤ ባርቤስ የፓሪስ ሰፈር ነው። ፓሪስ ውስጥ ውርደት ጠጥቶ ነው የኖረው። ሲመለስ ግን ቴሌቪዥን ይዞ ገባ፣ ለጎረምሶቹ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ድሃ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወራል። ምን ያድርግ? እውነቱን ቢናገር የተሸከመው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው። በተቃራኒው ሙሳ አለ። ኳስ ተጫዋች መልማይ ፈረንሳይ ወስዶት፣ ሳይሳካለት ሲቀር ወጪዬን መልስ ተባለ፤ መርከብ ላይ በድብቅ ሠርቶ ሊከፍል ሲል ተይዞ ተባረረ። ባዶ እጁን መንደሩ ሲደርስ ፊት ነሱት። ባሕሩ ውስጥ ገባ። ዲዮም የባርቤሱን ሰውዬ እንድንጠላው አትፈቅድልንም፤ እንደ ሙሳ ላለመሆን ነው የዋሸው።

ይሄ ሁሉ የሠንጠረዥ ጥያቄ ነው። የስደተኛ ኑሮ ሲለካ የሚጻፈው ገቢው ነው። ሴኔጋል ውስጥ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት አሥር በመቶ ገደማ ይሆናል። ያ ገንዘብ ከሆነ ሰው ኪስ ወጥቷል፤ ሩዝ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጣሪያ፣ የሐጅ ወጪ ሆኗል። ባርሴሎና ያለውን ሰው ለብቻው ብትለካው ድሃ ነው። ከነቤተሰቡ ብትለካው መልሱ ሌላ ነው። የኔቫዳው ባስክ ግን ራሱን ችሎ ሊለካ ይችላል፤ ቤቱ እዚያው ነው። ጓደኛዬ ያነጻጸረው አንድን ቤተሰብ ከአንድ ቤተሰብ ግማሽ ጋር ነው። በዚያ ላይ አንዱን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሌላውን ገና ሲሮጥ።

ዲዮምን ግን ያለ ቅሬታ አላልፋትም። በመጨረሻ ሳሊ ያጠራቀመችውን ትልክና ማዲኬ ሱቅ ይከፍታል፤ መሰደዱን ይተወዋል። ብዙ አንባቢ በዚህ እፎይ ይላል። እኔ አላልኩም። ሱቁ ከየት መጣ? ከስትራስቡርግ። ማዲኬ አገሩ የቀረው እህቱ ስለተሰደደች ነው። መጽሐፉ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ «አትሂዱ» ሲል ከቆየ በኋላ የሚያቀርበው መፍትሔ አንድ ሰው እንዲሄድ ይጠይቃል። ደግሞስ አንዲት ደሴት ስንት ሱቅ ትሸከማለች? መጽሐፉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ከ31 ሺህ በላይ ሰዎች ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በጀልባ ካናሪ ደሴቶች ገቡ፤ ብዙዎቹ ሴኔጋላውያን ነበሩ። መፈክራቸው «ባርሳ ወይ ሞት» ነበር፤ ባርሳ ማለት ባርሴሎና ነው።

የሚገርመው፣ የሁለቱ ሕዝቦች ታሪክ ባሕር ላይ ይገናኛል። የባስክ ቱና አጥማጅ ጀልባዎች ዳካርን መነሻ አድርገው ለአሥርት ዓመታት በሴኔጋል ውሃ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ኦንዳሮዋ በምትባል የባስክ የወደብ ከተማ ደግሞ ልጆቿ የተዉትን የመርከብ ሥራ ሴኔጋላውያን ይዘውታል። በኔቫዳ ፔሩዎቹ የገቡበት ቦታ ማለት ነው። ዲዮም የዓሣ አጥማጆች ልጆችን ነው የጻፈችው፤ ዓሣውን ማን እንደሚወስደው ግን ከዚህ በላይ ብትቆይበት እወድ ነበር።

ሁለቱን መጻሕፍት ስጨርስ አንድ ፋይል ከፈትኩ። ታላቅ እህቴ ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ኢንጂነሪንግ የተማርኩት በእሷ ገንዘብ ነው፤ የመጀመሪያ ላፕቶፔን የገዛችልኝ እሷ ናት። የላከችውን ከማስታውሰው፣ እናቴ ካስቀመጠቻቸው የባንክ ወረቀቶችና ከድሮ መልእክቶች እየለቀምኩ በየዓመቱ መዘገብኩ። የእኔ፣ የእናቴ፣ የቤቱ ቆርቆሮ፣ የአጎቴ ሕክምና። አንድ ዓምድ ግን ባዶ ሆነ። ለእሷ ስንት ቀራት የሚለው።

እሁድ ቡና ላይ ጠየቅኳት።

«ሒሳብ ልትተሳሰበኝ ነው እንዴ?» አለችና ስኒውን አቀበለችኝ። ቆየት ብላ፣ «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አትቁጠራቸው፤ የደላላ ዕዳ ነበር» አለችኝ።

ያ ዓምድ በፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም።