አሮጌ ጊታር ላይ ሁለት ጥያቄ አለ

ዳላስ ውስጥ ከ1978 ጀምሮ ሲካሄድ እንደቆየው ባሉ የአሜሪካ የጊታር ትርኢቶች አንድ ዕቃ ለሁለት ዓይነት ገዢ ይቀርባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ገዢ ሰብሳቢ ነው፤ ጊታሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይነካ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ሌላው ተጫዋች ነው፤ ለእጁ የሚመች፣ ድምፁ የሚያረካ ጊታር ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቆመው አንድ ዋጋ ይጠየቃሉ። ገንዘብ የሚባክነው ተጫዋቹ በሰብሳቢ ዋጋ ሲገዛ፣ ወይም ሰብሳቢው በጆሮው ተማርኮ ምርመራውን ሲዘል ነው። ስለዚህ እጅዎን ኪስዎ ከመክተትዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይለዩ፦ «የተባለውን ነው ወይ?» እና «ጥሩ ነው ወይ?»

የተባለውን ነው ወይ?

እዚህ ላይ የሚታመነው የሻጩ ወሬ ሳይሆን የክፍሎቹ እርስ በርስ መስማማት ነው። የ1963 ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለ ጊታር ቀረበልዎ እንበል። ሊዮ ፌንደር ይህን ሞዴል ለገበያ ያወጣው በ1954 ሲሆን፣ አንገቱን ከአካሉ ጋር ያያዘው በማጣበቂያ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። ለጥገና እንዲመች የተደረገው ነገር መርማሪንም ጠቅሟል። ሻጩ ከፈቀደ በካቻቢቴ አንገቱ ይነቀላል። አካሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው የአንገቱ ጫፍ ላይ «2 ጁን 63 ቢ» የሚል ዓይነት ማኅተም ይኖራል። እስከ 1962 መጀመሪያ ድረስ ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ ነበር። ፊት ያለው ቁጥር የሞዴሉ፣ መጨረሻ ያለው ፊደል የአንገቱ ስፋት መለያ ነው።

አንገቱ በእጅዎ እያለ ጫፉን በጎን ይዩት። ጥቁር ቡኒው የሮዝውድ ፊንገርቦርድ ከሥሩ ካለው ነጣ ያለ ሜፕል ጋር የሚገናኝበት መስመር እስከ 1962 አጋማሽ ድረስ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሮዝውዱ ሳሳ፣ መስመሩም ጎበጠ። በ1963 አንገት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካገኙ ሻጩ የሚመልሰው ጥያቄ አለ።

ቀጥሎ የፊቱ ፕላስቲክ ይነሳል። የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር 3046320 ቢሆን፣ 304 ስታክፖል የተባለው አምራች፣ 63 ዓመቱ፣ 20 ደግሞ ሳምንቱ ነው። የሜይ አጋማሽ ዕቃ በጁን አንገት ውስጥ መገኘቱ ያስማማል። ጀማሪ ግን እዚህ ይደናገራል። ፋብሪካ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛው በጅምላ ነው፤ ፌንደር በ1966 የገዛቸው መቆጣጠሪያዎች በ1969 በተሠሩ ጊታሮች ውስጥም ይገኛሉ። ስለዚህ ዕቃው ጊታሩን ቢቀድመው አያስደነግጥም። ከጊታሩ በኋላ የተመረተ ከሆነ ግን ሰው ገብቶበታል። የሽቦውን ሊድም ልብ ይበሉ። የፋብሪካው ሊድ ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል፤ ከድብዝዙ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጠብታ ካረፈ ካውያ ነክቶታል ማለት ነው።

ስለ አንድ ዓመት ይህን ያህል መጨቃጨቁ ምክንያት አለው። በጃንዋሪ 1965 የብሮድካስት ኩባንያው ሲቢኤስ ፌንደርን ገዛ፤ ሰብሳቢም ከዚያ በፊት ለተሠራው ብዙ ጨምሮ ይከፍላል። በሽያጩ ማግስት ግን የሠራተኞቹ እጅ አልተቀየረም፣ መደርደሪያ ላይ የነበረው እንጨትም አልተጣለም። ጥራቱ የወረደው ቀስ በቀስ ነው፤ ዋጋው ግን ቀን ቆጥሮ ይወርዳል። ለተጫዋች በዚህ መሀል ጥሩ ዕድል አለ።

ቀለም

መኪና ሲገዛ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው?» ብሎ በሩ ሥር የሚያጎነብስ ሰው በጊታር ትርኢትም ሙያው አይባክንም። ዳግም የተቀባ አሮጌ ጊታር የዋጋውን ግማሽ ያህል ያጣል። የቀድሞው ናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ ስስ ነው፤ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁበት በፀጉር ቅጥነት ይሰነጣጠቃል። ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት አልትራቫዮሌት መብራት ሲያዩት አሮጌው ቫርኒሽ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላ ብርሃን ይሰጣል፤ በኋላ የተነካካው ቦታ ለብቻው ጠቁሮ ይታያል።

የመፋቅ ምልክት ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። ፌንደር ራሱ ከ1995 ጀምሮ ሆን ብሎ ያስረጃቸውን አዳዲስ ጊታሮች ይሸጣል። መጠየቅ ያለበት ምን ፋቀው የሚለው ነው። የቀኝ ክንድ የላይኛውን ጠርዝ ይበላል፣ የቀበቶ ዘለበት ጀርባውን ይቧጭራል፣ የግራ ጣቶች የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች አካባቢ ያጠቁራሉ። ክንድም ቀበቶም በማይደርስበት ቦታ የተላጠ ጊታር በሙዚቃ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ያረጀ ነው።

ፀሐይም ምስክር ናት። ከ1958 እስከ 1960 በተሠሩት የጊብሰን ሌስ ፖል ሰንበርስት ጊታሮች ላይ የነበረው ቀይ ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ብዙውን ጊዜ እየነጣ ወደ ማርና ወደ ሎሚ መልክ ይሄዳል። የፒክአፑ ክፈፍ ሲነሳ ከሥሩ ብርሃን ያላየ ቀይ መገኘት አለበት። ላዩም ሥሩም እኩል የነጣ ከሆነ መልኩ የዕድሜ ሳይሆን የቀቢ ነው።

በጊብሰን ላይ ሌላው መመርመር ያለበት ቦታ አንገቱና ራሱ የሚገናኙበት ነው። ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በ17 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ እንጨቱ ማሆጋኒ ነው፤ የአንገቱ ማስተካከያ ብረት የሚገባበት ጉድጓድም እዚያው ያሳሳዋል። ጊታሩ በጀርባው ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ብርሃን በአግድም አብርተው ጥፍርዎን በቀስታ ያሳልፉበት፤ የተጣበቀ ስብራት ዓይን ቢያልፈው ጥፍርን ይይዛል። ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በባለሙያ የተጣበቀ ስብራት ግን ድምፅ አይቀንስም፣ አንገትም አያጣምም። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ የሚጠቀመው ተጫዋቹ ነው።

ጥሩ ነው ወይ?

አዳራሹ በጊታር ጩኸት የተሞላ ስለሆነ በአምፕሊፋየር የሚሰማው ነገር ያታልላል። ገመዱን ነቅለው ጆሮዎን የጊታሩ ላይኛ ቀንድ ላይ ለጥፈው ይምቱት፤ ክሩ ሲርገበገብ የሚቆይበትን ጊዜ እንጨቱ ይነግርዎታል። አንገቱን ከራሱ በኩል እንደ ማስመሪያ አነጣጥረው ቀጥነቱን ይዩ። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይያዙ፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚነዝር ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። አንገቱ ከተጠማዘዘ ግን ቀላል አይደለም።

አኩስቲክ ላይ ዋናው ጉዳይ ማዕዘን ነው። በፔንሲልቬንያ ናዝሬት ከተማ የሚሠራው ማርቲን በ1833 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከ1898 ጀምሮ ተከታታይ ቁጥር ስለሚሰጥ የምርት ዓመቱን ማወቅ አያስቸግርም። ችግሩ ሌላ ነው። የብረት ክሮቹ በ70 ኪሎ ገደማ ጉልበት ለአሥርት ዓመታት ሲስቡት አንገቱ ወደ ፊት ይሰግዳል፣ ክሮቹም ከፍ ይላሉ። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ለመደበቅ ብሪጁ ላይ ያለውን አጥንት ሞርዶ ያሳጥረዋል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ ያስተኙ፤ ጫፉ የብሪጁን አናት መንካት አለበት። ከዚያ በታች ከመታ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መገጠም አለበት፤ ይህ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

እስከ 1969 ድረስ ማርቲን ይጠቀምበት የነበረው የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ የብርቅ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚገዛው የሳይተስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። አሜሪካ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ሊወስድ ያሰበ ሰው ፈቃዱን ሳይዝ አውሮፕላን አይሳፈር።

ዋጋና ሽያጭ

ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ ዕቃውን አያጣጥሉ፤ ያገኙትን ጉድለት በስሙ ይጥሩና ዋጋ ይጥሩ። የማስመሪያው ጫፍ የት እንደወደቀ ያየ ሻጭ ክርክር አያበዛም። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ጭኖ መመለስ የሰለቸው ነጋዴ ልቡ ይራራል፤ ምርጡ ግን በር ሳይከፈት በነጋዴዎቹ መካከል ተሽጦ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ እርስዎ ከሆኑ ክሮቹ መሀል በሚሰኩት የዋጋ ወረቀት ላይ የተቀየረውን ሁሉ ይጻፉ፤ የወለቁትን ኦርጅናል ዕቃዎችም በከረጢት አብረው ያቅርቡ። ገዢ ራሱ ያገኘው ጉድለት እርስዎ ከነገሩት ጉድለት ይበልጥ ያስቀንስብዎታል።

ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ የተጠየቀውን ለመክፈል አይፍሩ። ጥሩ ሆኖ የተባለውን ያልሆነ ጊታር የተጫዋች ነው፤ በግማሽ ዋጋ ይውሰዱት። የተባለውን ሆኖ የማይጮኸውን ለሰብሳቢ ይተዉት። ሁለቱንም ካልሆነ ሻጩን አመስግነው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይለፉ።