ጭራቁና የተናቀው ሰው፤ በአሜሪካ የጭራቅ ኮሚኮች ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

ለብዙኃን የሚዘጋጅ ሥነጽሑፍ በተነሣ ቁጥር ከሐያስያን ዘንድ ቀድሞ የሚሰማው ወቀሳ «ትልሙ አንድ ነው፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል» የሚል ነው። ወቀሳው፣ ኋላ ማርቭል በሚል ስም የታወቀው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው የጭራቅ ኮሚኮች ላይ ሲሰነዘር ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ከጠፈር ወይም ከምድር ከርስ ግዙፍ ፍጡር ይወጣል፤ ሕዝብ ይሸበራል፤ ጥይት አይበሳውም፤ በመጨረሻ አንድ ሰው በብልሃት ይጥለዋል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ድግግሞሹ ራሱ ትርጉም ያዘለ መሆኑን ነው። የትረካዎቹ ዋነኛ ግጭት በሰውና በጭራቅ መካከል ሳይሆን፣ በአንድ የተናቀ ሰውና በናቀው ማኅበረሰብ መካከል ነው ባይ ነኝ።

በቅድሚያ ትልሙን የወለደውን ሁኔታ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1954 የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርታም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ አሳታሚዎችም የራሳቸውን የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ደንቡ ደም መጣጮችን፣ ከመቃብር የሚነሡ በድኖችንና ወደ ተኩላነት የሚለወጡ ሰዎችን ከለከለ፤ መልካም ምንጊዜም ክፉን ድል እንዲነሣም ደነገገ። ከዚህ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። አንደኛ፣ ጭራቁ ከመቃብር ወደ ጠፈርና ወደ ቤተ ሙከራ ተሰደደ። ሁለተኛ፣ ፍጻሜው አስቀድሞ ስለ ተወሰነ፣ ለደራሲው የቀረለት ነጻነት «ማን ያሸንፋል?» በሚለው ሳይሆን «በማን እጅና በምን መንገድ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ብቻ ሆነ።

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 በ«ቴልስ ቱ አስቶኒሽ» ቁጥር 13 የወጣው፣ ጃክ ከርቢ የሣሉት የግሩት ታሪክ ነው። ግሩት ከሌላ ፕላኔት የመጣ የዛፍ ጭራቅ ሲሆን፣ ዓላማው አንድን መንደር እንዳለ ነቅሎ ለምርምር መውሰድ ነው። የሚገጥመው ሌስሊ ኢቫንስ የተባለ ሳይንቲስት፣ ሚስቱ ሳትቀር ወንድነት ይጎድለዋል የምትለው ሰው ነው። መሣሪያው ምስጥ ነው። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የተገኘ አይመስለኝም። ግዙፉን ዛፍ የሚጥለው ከሁሉም ያነሰው ፍጡር ነው፤ ምስጡ የራሱ የሳይንቲስቱ ምሳሌ ነው።

በ1961 በ«ስትሬንጅ ቴልስ» ቁጥር 89 የቀረበው የፊን ፋንግ ፉም ታሪክም ይህንኑ ይደግማል። ቁምጣ የታጠቀውን ዘንዶ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ በወራሪ ጦር ላይ የሚያዞረው፣ ኋላም መልሶ የሚያስተኛው ቻን፣ ለውጊያ እንደማይበጅ የመጽሐፍ ሰው የሚታይ ወጣት ነው።

አንጻሩም ልብ ሊባል ይገባዋል። «ግሩትን ተገዳደርሁ»፣ «ስፖርን ፈጠርሁ» የሚሉት ርዕሶች በአንደኛ መደብ የቆሙ ናቸው። ተራኪው በሕይወት መትረፉ ገና ከርዕሱ ስለሚታወቅ፣ አንባቢን የሚያጓጓው የመዳኑ ነገር ሳይሆን ያ የተናቀ ሰው እንዴት አድርጎ እዚህ ደረሰ የሚለው ነው።

ይሁን እንጂ የትረካዎቹ ድክመት የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ኢቫንስ በሚስቱ ዘንድ ክብር የሚያገኘው ጭራቁን ከጣለ በኋላ ነው። የተከበረው ስላወቀ ሳይሆን ስላሸነፈ ነው። ቻንም ዕውቀቱ ዋጋ የሚያገኘው ለጦርነት በዋለበት ጊዜ ነው፤ የዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት መንፈስም በዚህ ላይ ጥላውን አጥልቷል። ትረካው ሰውን በጉልበት የሚመዝነውን ሚዛን በመጠየቅ ይጀምርና ለዚያው ሚዛን በመገዛት ይፈጸማል። ድግግሞሹም የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል፤ ያልተመለሰ ጥያቄ በሚቀጥለው ወር በሌላ ጭራቅ ስም ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄው አዲስ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1962 ከርቢና ስታን ሊ ሀልክን በፈጠሩ ጊዜ ነው። ብሩስ ባነር ጄኔራሉ እንደ ልፍስፍስ የሚቆጥረው ሳይንቲስት ነው፤ በጋማ ጨረር ከተመታ በኋላ ግን ጭራቁ ራሱ እርሱ ይሆናል። ቀድሞ በሁለት ገፀ ባሕርያት ተከፍለው የነበሩት የተናቀው ምሁርና አስፈሪው ጉልበት በአንድ ቆዳ ውስጥ ተገናኙ። ከእንግዲህ ምስጥ ለቅቆ መገላገል የለም፤ ጭራቁን መግደል ራስን መግደል ነውና። የፍጻሜው ደንብ አሁንም በሥራ ላይ ቢሆንም፣ «መልካሙ ማን ነው? ክፉውስ?» የሚለው ጥያቄ ግን እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚመለስ አልሆነም።

ስለዚህ «ትልሙ አንድ ነው» ብሎ መጽሔቱን የሚዘጋ ሐያሲ ወደ ሀልክ የሚያደርሰውን መንገድ ሳያይ ይቀራል። ግሩትንና ፊን ፋንግ ፉምን በቅደም ተከተል ያነበበ ግን ባነር ከየት እንደ መጣ ያውቃል።